ከኮርኒሱ በላይ ያለው ዕቃ

የቤት ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ወጥቶ ጣራ ሲደርቅ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ኮርኒስ ጎበጠ፣ ሻንጣ ሻገተ፣ አይጥ ገባ። መነሻቸው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ጨለማ ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ቆጥ ነው፣ ዕቃ ቤት ነው፣ አንዳንዴም ማንም የማያስታውሰው የቤተሰብ ንብረት ማኖሪያ ነው። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ከወላጆቻችን የወረስነው የጭቃ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። እናታችን የድግስ ድስት፣ የትምህርት መጻሕፍት፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር እዚያ ላይ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። አሁን የሳሎኑ ኮርኒስ መሐሉ ላይ ሆዱ ወርዷል። ልናጸዳው እንፈልጋለን፤ ቦታውንም ለዕቃ ማስቀመጫነት መጠቀማችንን ለመቀጠል እናስባለን። ከየት እንጀምር? (ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ማንም ሰው አይውጣ።

ኮርኒስ የሚሠራው ለመሸፈን ነው፤ ለመሸከም አይደለም። ቺፑዱ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የሚመታው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በተዘረጋ 4 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ላይ ሲሆን ሞራሌው ደግሞ ከጣራው ማዋቀር ጋር በሚስማር ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሚስማር ከጎን የመጣበትን ጉልበት በደንብ ይችላል፤ በቁመቱ ወደ ታች ሲጎተት ግን ከእንጨቱ ውስጥ እየተንሸራተተ ይወጣል። ዕቃ የተጫነበት ኮርኒስ በአንድ ቀን የማይወድቀው ለዚህ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ይቆይና አንድ ክረምት ቆርቆሮው ሲያፈስ፣ ቺፑዱ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድና ሲያብጥ፣ ሚስማሩ ይለቃል።

ስንት እንደወረደ ለኩት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በሁለቱም ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ታኮ ከኮርኒሱ ሥር አድርጋችሁ ሲባጎ ወጥሩ። መሐል ላይ ከሲባጎው እስከ ኮርኒሱ 10 ሳንቲ ሜትር ካለ ኮርኒሱ ቀጥ ብሏል፤ 8 ከሆነ ሁለት ወርዷል ማለት ነው። 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ፣ ከታች ሳይደገፍ ከላይ ያለውን ዕቃ መነካካት አደገኛ ነው። ድጋፉ ከባድ ሥራ አይደለም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከኮርኒሱ ሆድ ሥር አጋድሙ፤ በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ (8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት) ከወለሉ ደግፉት፤ ከቋሚው ሥር ሽብልቅ እያስገባችሁ ጣውላው ኮርኒሱን እስኪነካ ብቻ አጥብቁት። ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ አትግፉት። ለዓመታት ጎብጦ የኖረ ቺፑድ በአንድ ጊዜ ሲገፋ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ መብራት። ብሬከሩን አውርዱ፤ መብራቱ በእርግጥ መጥፋቱንም በቴስተር አረጋግጡ። በአሮጌ ቤቶች ከኮርኒስ በላይ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ስካቶላ የለውም፤ ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ብቻ ነው። ናስትሮው በቆርቆሮ ሥር ባለው ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይፈታል፤ አይጥም የሽቦውን ልብስ ይበላል። ይህ መገጣጠሚያ ከፍራሽና ከወረቀት አጠገብ መዋሉን አስቡት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በስካቶላ፣ ሽቦውን በቱቦ ሳያስገባ አንድም ካርቶን ተመልሶ መውጣት የለበትም።

የምትወጡት በጠዋት ይሁን፤ ከ1 እስከ 4 ሰዓት። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ሰው ያዞራል። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ ጫፉም ከመውጫው በላይ አንድ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ስትወጡና ስትወርዱ የምትይዙት እሱን ነው። ቺፑዱን ፈጽሞ አትርገጡ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሳንቃዎች በጣራው ማዋቀር አግዳሚዎች ላይ አስተኝታችሁ በእነሱ ላይ ብቻ ተንቀሳቀሱ። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ማስክና በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከላይ፣ አንዱ መሰላሉ ላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይቀባበል። ዕቃ አይጎተት፤ ይነሣ። ሲጎተት ሞራሌው ላይ ያሉትን ሚስማሮች ያላቅቃል።

ከላይ ያለው ሰው በዚያው ትንሽ ሥራ ይጨምር፤ የማዋቀሩን እንጨቶች በተለይ ከግድግዳው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በካካቢቴ ጫፍ ይውጋቸው። ጤነኛ እንጨት ይመልሳል። ጫፉ ሰተት ብሎ ከገባ፣ ወይም በእንጨቱ ላይ የሚሄድ የጭቃ መስመር ካየ ምስጥ ነው፤ ያ ሥራ ከዕቃው በፊት ለአናጢ ይሰጣል።

አሁን ዕቃው ሁሉ ወርዶ ደጅ ላይ በሸራ ተዘርግቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያወረደውን አቧራውን አራግፎ መልሶ ይሰቅላል። እኛ የምንመክረው መጠየቂያ አንድ ነው፤ ያለፉት ሁለት ዓመታት ገና፣ ፋሲካ፣ ለቅሶና ድግስ አልፈዋል፤ ይህ ዕቃ ወርዶ ያውቃል? ካልወረደ ቤታችሁ ያለ እሱ ኖሯል። ስለ ድግስ ድስትና ስለ 60 ሳህን በተለይ አስቡበት። እድራችሁ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሳህንና ድስት የሚያውስ ከሆነ በየቤቱ ኮርኒስ ላይ ሁለተኛ የድግስ ቤት መሸከም ትርፉ ምንድን ነው? አንድ ትልቅ ድስትና አንድ ጭልፋ አስቀሩ፤ ሌላውን አስወጡ።

ለማስወጣት መንገድ አይጠፋም። ልብስና ጫማ ልዋጭ ይዞላችሁ ይሄዳል፤ በምትኩ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣችኋል። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ጠርሙስና የተሰበረ ዕቃ ቆራሌው ይገዛል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የአሮጌ ብረትና የጀሪካን ሁለተኛ ሕይወት የሚጀመርበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ የተበሳ ድስት «ቆሻሻ» ብላችሁ አትጣሉት። ደህና ብርድ ልብስና ልብስ እንደ መቄዶንያ ላሉ አረጋውያንን ለሚረዱ ማዕከላት ይሂድ፤ ታጥቦና ታጥፎ ግን።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ቤተሰብ ይህን የጽዳት ሥራ የሚያስታውሰው ኅዳር 12 ነው። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣው «ኅዳር ሲታጠን» ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠልን ያስከትላል። ከኮርኒስ የወረደውን ስፖንጅ ፍራሽ፣ ፕላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሚረጭ መድኃኒት ቆርቆሮ ግን እሳት ውስጥ አትክተቱ። ስፖንጅ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ያለበት ነው። የሚረጨው ቆርቆሮም ባዶ ቢመስል ይፈነዳል።

ወደ ላይ የሚመለሰው ዕቃ የት ይቀመጥ? በሳሎኑ መሐል ፈጽሞ አይቀመጥም። ክብደት መውረድ ያለበት በግድግዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳዎች የሚቀራረቡበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ኮሪደሩ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ወይም 1 ሜትር ከ50 ይሆናል። 5 በ10 ሳንቲ ሜትር እንጨቶችን በጠርዛቸው አቁማችሁ ከአንዱ ግድግዳ አናት ወደ ሌላው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ አጋድሙ። በጭቃ ቤት ጫፋቸው በግድግዳው አናት ላይ በተጋደመው እንጨት ላይ፣ ቋሚ ባለበት ቦታ ይረፍ፤ ጭቃው ላይ ብቻ አይቀመጥ። ከላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ምቱበት። ከእንጨቶቹ ሥር እስከ ኮርኒሱ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው፤ ይህ ክፍተት መኖሩ ክብደቱ በሙሉ በግድግዳው ላይ መሆኑን በዓይን ያሳያችኋል። ቦታው ከ2 ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ይህ ልክ አይሠራም፤ አናጢ ይይበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። መውጫው 60 በ60 ከሆነ ሳጥኑ 40 በ50 ይሁን። እያንዳንዱ ሲሞላ ከ15 ኪሎ አይብለጥ፤ መጽሐፍ የሞላ ካርቶን በቀላሉ 20 ኪሎ ስለሚያልፍ መጻሕፍት ከታች ይቅሩ። በሳጥኑ በሁለት ጎን በወፍራም ማርከር ምን እንዳለበትና መቼ እንደተሰቀለ ጻፉ፤ «የሕፃን ልብስ፣ ከ0–1 ዓመት፣ ጥቅምት 2017» እንደማለት። የሁሉንም ዝርዝር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከመውጫው መክደኛ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉ። የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍና የሠርግ ቪዲዮ ካሴት እዚያ አይሂዱ። ካሴት በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ገና ሳይበላሽ ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ይሻላል። ነጭ ጋዝ፣ ቀለም፣ የጋዝ ሲሊንደርና ባትሪም አይወጡም።

ጥያቄ፦ የእናቴን ነጠላዎች፣ ሁለት ጋቢና አንድ ወርቀ ዘቦ ያለው ካባ በፌስታል ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከኮርኒስ በላይ አስቀምጬ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሳወርደው ነጠላዎቹ ቡናማና ቢጫ ነጥብ አውጥተዋል፤ ሽታቸውም ልክ አይደለም። ምን አጠፋሁ? ይድናሉ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጥፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፌስታሉ ነው። ፕላስቲክ ውኃ አያስገባም፤ የገባውንም አያስወጣም። ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ጥጥ ቀን ቆርቆሮው ሥር ሲሞቅ እርጥበቱን ያወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያው እርጥበት መልሶ በልብሱ ላይ ይቀመጣል። ሻጋታው ከዚያ ይመጣል። ሁለተኛው ነጠላው ሲጠቀለል ንጹሕ አለመሆኑ ነው። በዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ለበዓል ከፀጉር ላይ የነካው ቅቤ፣ የአንገት ላብ፣ ወይም የመታጠቢያ ስታርች በድሩ ውስጥ ይቀራል። ቅባት ከአየር ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ይሆናል። ነጠላውን በብርሃን ፊት ዘርግተው ይዩት፤ ነጥቦቹ በትከሻና በራስ በኩል ከተሰበሰቡ ቅቤና ላብ ነው፤ በእጥፋቱ መስመር ላይ ብቻ ከሆኑ ካርቶን ወይም ሻንጣው ያስተላለፈው ነው፤ ተበታትነው ትናንሽ ግራጫ ነጥቦች ከሆኑ ሻጋታ ነው።

ለማዳን ደጅ አውጥተው በጥላ ሁለት ቀን ያናፍሱት። ከዚያ ጥለቱን ይፈትኑ፤ የጥለቱን ጫፍ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ተጭነው ይያዙ። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ካልተሻገረ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ለሁለት ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ውኃው ሲጠቁር ይቀይሩ። ቢጫው ካልለቀቀ ክሎሪን የሌለው፣ በኦክስጅን የሚሠራ ማንጫ ዱቄት ይጠቀሙ። በረኪና ግን አይንካው። የነጠላ ድር ቀጭን ነው፤ በረኪና ድሩን ያሳሳና ቢጫውን ካጠፋ በኋላ በሚቀጥለው አጠባ ላይ ልብሱ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። የጥለቱንም ቀለም ያነጣዋል። ካባውን አያጥቡት፤ ወርቀ ዘቦው ውኃ ሲነካው ይጠቁራል። በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አቧራውን ያራግፉ።

ሲመልሱት ያለ ስታርች፣ ያለ ካውያ፣ በደንብ ደርቆ ይሁን። በታጠበ አቡጀዲ ይጠቅልሉት። ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል፤ ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ቱቦ በአቡጀዲ ሸፍነው ነጠላውን በዙሪያው ቢጠመጥሙት የእጥፋት ስብራት አይኖርም። ማጠፍ ግድ ከሆነ በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ አውጥተው በሌላ መስመር ያጥፉት። ካባው ሱፍ ካለበት ብል ይወደዋል፤ ጥጥን ብል እንደ ሱፍ አይወድም። የሱፍ ልብስና ብርድ ልብስ ከመከማቸቱ በፊት በፀሐይ ይዘርጋ፤ በብሩሽ ይራገፍ። ፍሪዘር ያለው ሰው በላስቲክ አሽጎ በዜሮ በታች 18 ዲግሪ አንድ ሳምንት ቢያቆየው የብሉ እንቁላልም ይሞታል።

ናፍታሊን (ነጩ ክብ የብል መድኃኒት) ከሕፃን ልብስ ጋር አይቀመጥ። በትውልድ የደም ኤንዛይም ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት በናፍታሊን ሽታ ብቻ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል፤ ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ከባድ የወፍ በሽታም ያስይዛቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚበጀው ግን ይህን ልብስ ከኮርኒሱ ላይ ማውረድ ነው። አልጋ ሥር፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ባለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቢሆን ሙቀቱ እንደ ጣራው ሥር አይለዋወጥበትም።

ጥያቄ፦ ከኮርኒስ በላይ አይጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣል። ድመት ላስገባ ወይስ መርዝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም አይበጁም። ድመት በሽቦና በሳጥን መሐል የገባችውን አይጥ አታገኝም፤ ሽንቷ ደግሞ ኮርኒሱን ያበላሻል። በመርዝ የሞተ አይጥ ደግሞ የማይደረስበት ቦታ ሄዶ ይሞታል፤ ሽታውን ሳምንታት ትሸከማላችሁ። የጎረቤት ድመትም የሞተውን በልታ ልትሞት ትችላለች።

መግቢያውን ዝጉ። ትንሿ አይጥ በእርሳስ ውፍረት ቀዳዳ፣ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ትገባለች። ብዙውን ጊዜ የሚገቡት የቆርቆሮው ሞገድ በግድግዳው አናት ላይ በሚፈጥረው ክፍተት ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ ብቻ አትድፈኑት፤ አየር መግባት አለበት። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የብረት ወንፊት ሽቦ ቆርጣችሁ ግጠሙበት። ቧንቧና ሽቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ጠቅጥቃችሁ ከላዩ ለስኑ፤ አይጥ አረፋና ፕላስቲክ ይበላል፤ ብረት ሽቦ ግን ጥርሱን ያቆስለዋል።

ከዚያ የስፕሪንግ ወጥመድ አጥምዱ። አይጥ ግድግዳ ተደግፎ ስለሚሮጥ ወጥመዱ በግድግዳው ሥር፣ ማጥመጃው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ። የለውዝ ቅቤ የምስር እህል ያህል ይበቃል፤ ብዙ ካደረጋችሁ ሳያስነሣው ልሶት ይሄዳል።

የአይጥ ኩስ ያለበትን ቦታ በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው በሽታ ይይዛል። ለ30 ደቂቃ አየር አስገቡ፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውኃ በዕለቱ በጥብጣችሁ እስኪረጥብ አርከፍክፉበት፤ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ በጓንት በወረቀት ጥረጉት። ሽቦ ያለበት ቦታ ስለሆነ ብሬከሩ መውረዱን አትርሱ።

ጥያቄ፦ የዓመት ጤፍና በቆሎ ቆጥ ላይ አስቀምጠን ከነቀዝ የሚከላከለውን ክኒን እንጨምርበታለን። ጎረቤቶቻችን አደገኛ ነው ይሉናል። እውነት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ዛሬውኑ አቁሙ። ፎስቶክሲን ተብሎ የሚሸጠው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በኮርኒስ መገጣጠሚያ ሁሉ አልፎ ሰው ወደሚተኛበት ክፍል ይወርዳል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ራስ ምታት፣ ማስታወክና የደረት መጥበብ ከተሰማችሁ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ይህ ክኒን ሰው በማያድርበት፣ ለዚሁ በተሠራ መጋዘን ብቻ፣ በሠለጠነ ሰው የሚገባ ነው።

ጤፍ ጥቃቅን ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎና እንደ ሽምብራ አይደፍረውም፤ ያለ መድኃኒት ይኖራል። ችግሩ ክብደቱ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነውና ቆጥ ላይ አትስቀሉት፤ መሬት ላይ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እናቶቻችን በማድ ቤቱ ቆጥ ላይ በቆሎ የሰቀሉት ከሥሩ በየቀኑ ጭስ ስለነበረ ነው፤ ጭሱ ያደርቀዋል፤ ተባይም ያርቃል። በቆርቆሮና በኮርኒስ መሐል ጭስ የለም፤ ሙቀትና እርጥበት ብቻ ነው ያለው።

ለበቆሎና ለጥራጥሬ ባለ ሦስት ድርቡ አየር የማያስገባ ከረጢት (ፒክስ) ይሻላል፤ ውስጡ የታፈነው ነቀዝ አየር አጥሮት ይሞታል። እህሉ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ለመፈተን ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ደጋግማችሁ ነቅንቁ፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው፤ መልሳችሁ በፀሐይ አስጡት። ከረጢቱ አይጥ ስለሚቆርጠው የአይጥ መግቢያውን መድፈን ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ታውንሐውስ ገዝተናል። አቲኩ (ከጣራው ሥር ያለው ክፍተት) ሰፊ ነው፤ መሬቱ ግን በጥጥ መሰል ነገር የተሸፈነ ሲሆን ዙሪያውን አግዳሚ እንጨቶች አሉ። ፕላይዉድ ደርድረን ሻንጣ፣ መሶብና የልጆች ልብስ ብናስቀምጥበት ምን ችግር አለው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ችግሩ ሦስት ነው፤ ክብደት፣ ጥጡና ሙቀት።

የምታዩዋቸው አግዳሚዎች ወደ ላይ ከሚሄዱ ሰያፍ እንጨቶች ጋር በጥርሳም ብረት ከተያያዙ «ትረስ» (truss) የሚባል፣ በፋብሪካ የተሠራ የጣራ ማዋቀር ነው። የዚህ ዓይነት አቲክ ለዕቃ ካልታሰበ በደንቡ የሚታሰበው ጭነት በስኩዌር ፊት 10 ፓውንድ ብቻ ነው፤ በካሬ ሜትር 49 ኪሎ ያህል። ለቀላል ዕቃ የታሰበ ሲሆን 20 ፓውንድ ይሆናል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የቤቱ ንድፍ ይናገራል፤ ከካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ ወይም ለመዋቅር መሐንዲስ ማሳየት ይቻላል። ቦታ ለማስፋት ብላችሁ ግን ሰያፎቹን እንጨቶች እንዳትቆርጡ። እያንዳንዳቸው የጣራውን ክብደት ወደ ግድግዳ የሚያስተላልፉ ናቸው፤ አንዷ ስትቆረጥ በበረዶ ጊዜ ጣራው ይጎብጣል።

ጥጥ መሰሉ ነገር ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከል ንጣፍ ነው። በእናንተ አካባቢ አቲክ ላይ የሚጠየቀው አር-49 (ሙቀት የመከላከል አቅሙ መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ነው፤ ይህም በብዙ ዓይነት ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ማለት ነው። ፕላይዉዱን በአግዳሚዎቹ ላይ በቀጥታ ከመታችሁት ኢንሱሌሽኑ ተረግጦ ይሳሳል፤ ክረምት ላይ የማሞቂያ ሂሳባችሁ ይነግራችኋል። ከኢንሱሌሽኑ በላይ ከፍ የሚያደርጉ እግሮች ይሸጣሉ፤ መሐንዲሱ ጭነቱን ከፈቀደ ብቻ በእነሱ ላይ፣ ከመውጫው አጠገብ ትንሽ መድረክ ሥሩ። በጣራው ጠርዝ ያሉት የአየር መግቢያዎች አይደፈኑ። ቤቱ ከ1990 በፊት የተሠራ ሆኖ ኢንሱሌሽኑ እንደ ጠጠር የሚያብረቀርቅ ቬርሚኩላይት ከሆነ አትንኩት፤ አስቤስቶስ (ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል፤ አስመርምሩት።

ሙቀቱ በበጋ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ባዶ ሻንጣ፣ የገና ዛፍና ታጥቦ የደረቀ የልጅ ልብስ ይችሉታል። መሶብ ግን አይችልም። ሰንደዶውና አክርማው ደርቆ ይሰበራል፤ ቆዳ የተለበጠ ከሆነም ቆዳው ይሰነጠቃል። መሶቡን ክሎዜት ውስጥ፣ ክዳኑና ወገቡ መሐል ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ በላዩ ምንም ሳትጭኑ አስቀምጡ። ከኢትዮጵያ የመጣ በርበሬና ሽሮ ደግሞ ፍሪዘር ነው ቦታው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ኮርኒስ የለኝም፤ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ ቆጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ከጣራው ላንጠልጥለው? (ከጀሞ)

መልስ፦ አያንጠልጥሉት። የብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ወለል በተዘጋጁ አግዳሚዎች መሐል ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት ነው፤ ቡሎኑ ባዶው ላይ ካረፈ ይለቃል። ግድግዳውም ብሎኬት ስለሆነ ፊሸር ብቻውን አይታመንም። 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ብረት ገዝተው አራት እግር ያለው፣ ወለል ላይ የሚቆም ማዕቀፍ ያስበይዱ፤ ግድግዳው ላይ የሚታሰረው እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው። ከወለሉ እስከ ቆጡ ሥር 2 ሜትር ከ10 ይሁን፤ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ከጠለቀ ከኋላ ያለው ዕቃ ላይ እጅዎ አይደርስም፤ እዚያም ተረስቶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ዝናብ የለም፤ ጣራችንም አያፈስም። ሆኖም ጠዋት ስንወጣ ከኮርኒስ በላይ ያለው ካርቶን እርጥብ ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ያ ውኃ ከቤታችሁ ውስጥ የወጣ ነው። ሌሊቱ ሲበርድ ቆርቆሮው ከአየሩ በፊት ይቀዘቅዛል፤ ከማድ ቤትና ከሰው ትንፋሽ የወጣው እንፋሎት በቆርቆሮው ሥር ጠል ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። ለማረጋገጥ ማታ ከቆርቆሮው ሥር ደረቅ ጋዜጣ ዘርጉ። ጠዋት በተራራቁ ብዙ ነጥቦች ከረጠበ ጠል ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የሚስማር ቀዳዳ ነው።

እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ኮርኒስ ላይ ያለውን ክፍተት ድፈኑ፤ ጭሱና እንፋሎቱ በመስኮት ወይም በጭስ ማውጫ ይውጣ። ከሁለቱም የቤቱ ጎን በጣራው ጠርዝ ሥር በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር መግቢያ ይኑር፤ ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ካርቶኑን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ለውጡት፤ ከቆርቆሮው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የውስጡ ዕቃ ከመታሸጉ በፊት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ክዳኑም የሚዘጋው ዕቃው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።